የማይታየው ብርሃንና የዓሣ ዓይን

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ የተጓዘ ሰው አረንጓዴ ሲያይ ውሎ ይገባል። በቆሎው ገና ከማሳው አልተነሣም፤ ጤፉ አረንጓዴና ቢጫ ተቀላቅሎበታል፤ የላህ ወንዝም ከክረምቱ ድፍርስ መጥራት ጀምሯል። መንገደኛው «ጎጃም አረንጓዴ ነው» ቢል ማንም ሰው አይከራከረውም፤ የፊዚክስ ትምህርት ግን ይከራከረዋል። አንድ ጤነኛ ቅጠል ካረፈበት አረንጓዴ ብርሃን ከመቶ 10 ወይም 15 ያህሉን ብቻ ሲመልስ፣ ከቀይ ቀጥሎ ካለው፣ የሰው ዓይን ከማያየው ብርሃን ግን ከመቶ 40 እስከ 50 ያህሉን ይመልሳል። እንግዲህ አረንጓዴ የምንለው መልክ ቅጠሉ ከሚሰጠው ብርሃን ጥቂቱ ነው፤ ብዙው በፊታችን እያለፈ አናየውም።

በዛሬው ዐምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ይህንን የማይታየውን ብርሃን በፎቶግራፍ ስለ መያዝ ነው። ይኸውም በተራ ሌንስ ሳይሆን፣ ሰማይንና ምድርን ባንድ ጊዜ በሚጠቀልለው «የዓሣ ዓይን» በተባለው ሌንስ፣ ዙሪያውን በሙሉ የሚያሳይ ሥዕል (ፓኖራማ) ለማንሣት ነው። ነገሩ ለመዝናኛ ብቻ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን የአንዲት ትንሽ ማጣሪያ ቦታ፣ ማለት ከሌንሱ ፊት ትሁን ወይስ ከኋላው የሚለው ጥያቄ፣ ሥራውን ሁሉ ያቃናዋል ወይም ያበላሸዋል። ሥራው ከተቃና ደግሞ ለአገራችን የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ፤ ወደዚያ በመጨረሻ እንደርሳለን።

ከቀይ በታች ያለው ብርሃን (ኢንፍራሬድ) የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1800 ነው፤ የውጭ አገሩን ታሪክ ሁሉ በዚያው አቈጣጠር እንጽፋለን። ዩራኑስ የተባለችውን ፈለክ ያገኘው ዊልያም ሄርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ቢያኖር፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም ነገር በማይታይበት ቦታ ላይ ሙቀቱ ከሁሉ በልጦ አገኘው። ብርሃን አለ፤ ዓይን ግን አያየውም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ 106 ዓመት አልፎ፣ በ1906 ሮበርት ዊልያምስ ውድ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ፕሮፌሰር፣ ዓሣ ከውሃ ውስጥ ሆና ወደ ላይ ስታይ ዓለም እንዴት ሆኖ ይታያት ይሆን ብሎ ጠየቀ። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ይሰበራልና፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለው ሰማይ ሁሉ ለዓሣዋ 97 ዲግሪ ያህል ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታያታል። ውድ ይህንን ለማረጋገጥ ውሃ የተሞላ ባለ ቀዳዳ ካሜራ ሠርቶ ሥዕል አነሣበት፤ «የዓሣ ዓይን» የሚለውም ስም ከዚያ ጽሑፉ መጣ። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ ይኸው ሰው በኢንፍራሬድ ያነሣቸውን የገጠር ሥዕሎች ለሕዝብ አሳየ። ሰማዩ ጥቁር ነው፤ ዛፉ ግን በረዶ የወረደበት ይመስል ነጭ ነው። ቅጠል በዚህ ብርሃን ነጭ ሆኖ መታየቱ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም «የውድ ውጤት» ይባላል። ስለዚህ የዛሬው ርእሳችን ሁለቱ ነገሮች፣ የዓሣ ዓይንና የኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ፣ በአንድ ሰው እጅ ያደጉ መንትዮች ናቸው።

የዓሣ ዓይን ከውሃ ወጥቶ መስተዋት የሆነው በ1924 ነው። እንግሊዛዊው ሮቢን ሂል ደመናን ለማጥናት መላውን ሰማይ ባንድ ጊዜ የሚያነሣ ሌንስ አወጣ። የሚያስደንቀው ነገር፣ ይኸው ሂል በኋላ ስሙ የተጠራው በቅጠል ምርምር መሆኑ ነው። የባዮሎጂ ተማሪዎች «የሂል ሪአክሽን» እያሉ የሚያጠኑት፣ ክሎሮፕላስት ከቅጠሉ ተለይቶ እንኳ በብርሃን ኦክሲጅን መስጠት እንደሚችል የተገለጠበት ሥራ የእርሱ ነው።

ቅጠል በኢንፍራሬድ ለምን ነጭ ይሆናል? የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ነው፤ አንድ ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ክሎሮፊል ሰማያዊውንና ቀዩን ለምግብ ሥራው ይውጣል። ከ700 በላይ ሲሆን ግን ክሎሮፊል ብርሃኑን አይነካውም። ብርሃኑ ወደ ቅጠሉ ሆድ ይገባና በሕዋሳቱና በመካከላቸው ባለው አየር መካከል እየተንጸባረቀ ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ይወጣል። ውሃ በጢስ ዓባይ ሲወድቅ አረፋው ነጭ የሚሆነው ውሃው ራሱ ነጭ ሆኖ ሳይሆን ውሃና አየር ስለ ተደባለቁ ነው፤ የቅጠሉም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ ነጭነቱ የሚነግረን ስለ ቅጠሉ ቀለም ሳይሆን ስለ ውስጣዊ አሠራሩ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅና ሕዋሳቱ ሲፈርሱ ይህ ሁሉ ይለወጣል።

የጠራ ውሃ ደግሞ ኢንፍራሬዱን ይውጠዋል፤ ስለዚህ የብር ወንዝ ወይም በቡሬ በኩል የፈጣም ወንዝ ጠለቅ ባለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሰማዩም ይጠቁራል። አየር አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን አብዝቶ ይበትናል፤ ብተናው ከሞገዱ ርዝመት አራተኛ ፓወር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ በ800 ናኖሜትር ያለው ብርሃን በ450 ካለው ሰማያዊ ብርሃን 10 ጊዜ ያህል ያነሰ ይበተናል። በየካቲትና በመጋቢት አገሩን የሚሸፍነው ስስ ጭስም በከፊል ይገለጥና፣ በምሥራቅ በጮቄ በኩል ያሉት፣ ለዓይን የደበዘዙት የሩቅ ተራሮች መሥመራቸው ይወጣል። አቧራና ወፍራም ጉም ግን ለኢንፍራሬድም አይገለጡም።

የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ከሲሊኮን የተሠራ ስለ ሆነ እስከ 1,000 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ያያል። ይህንን ለማረጋገጥ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም፤ የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ ቁልፉን መጫን ይበቃል። በዓይን ስናየው ምንም የለም፤ በስልኩ መስተዋት ላይ ግን ብልጭ ብልጭ የሚል ሐምራዊ መብራት ይታያል። በአንዳንድ ስልክ የኋላው ካሜራ ባያሳይ የፊተኛውን መሞከር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ፋብሪካዎቹ ቀለም እንዳይበላሽ ብለው ኢንፍራሬዱን የሚያግድ መስተዋት በሴንሰሩ ፊት ስለሚያኖሩ ነው። ያ መስተዋት ብርሃኑን አብዛኛውን ይከለክለዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

ስለዚህ ኢንፍራሬድ ለማንሣት የሚያስፈልገው የሚታየውን ብርሃን ሁሉ አስቀርቶ ከ720 ናኖሜትር ገደማ በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ (ፊልተር) ነው። ሆያ አር 72 የተባለው መስተዋትና ራተን 89 ቢ የተባለው የጄላቲን ወረቀት በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። በተራ ሌንስ ማጣሪያው ከፊት ይጠመዘዛል፤ ነገሩም በዚያ ያልቃል። በዓሣ ዓይን ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ የትሪጎኖሜትሪ ነገር እናስታውስ። ተራ ሌንስ አንድን ነገር በሥዕሉ ላይ የሚያኖረው ከመካከሉ በታንጀንት ልክ አርቆ ነው። የ45 ዲግሪ ታንጀንት 1 ነው፤ የ80 ዲግሪ 5.67 ነው፤ የ90 ዲግሪ ግን ወሰን የለውም። ስለዚህ ተራ ሌንስ ከጎኑ በትክክል 90 ዲግሪ ላይ ያለውን ነገር ለማሳየት ስፋቱ ማለቂያ የሌለው ፊልም ያስፈልገው ነበር። የዓሣ ዓይን ታንጀንትን ትቶ በዲግሪው ልክ ያኖራል፤ በመካከልና በጠርዙ መካከል 90 ዲግሪን በእኩል ይከፋፍላል ማለት ይቻላል። ቀጥ ያለ ግንድ ቢጐብጥም፣ 180 ዲግሪ ያለው ግማሽ ዓለም በአንድ ክብ ውስጥ ይገባል። ይህንንም ለማድረግ የፊተኛው መስተዋት እንደ ጉልላት ወደ ውጭ ያብጣል።

በዚህ ጉልላት ፊት ጠፍጣፋ ማጣሪያ ማኖር በሦስት ምክንያት አይሆንም። አንደኛ፣ የሚጠመዘዝበት ጥርስ የለውም፤ በግድ ቢያስሩትም የማጣሪያው ቀለበት ራሱ በሥዕሉ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከጠርዝ የሚመጣው ብርሃን ማጣሪያውን በጣም አጋድሞ ይመታዋል። በ80 ዲግሪ አጋድሞ የሚመጣ ብርሃን ከመስተዋቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ብቻ ከሢሶ በላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ የገባውም በመስተዋቱ ውስጥ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የሥዕሉ ዙሪያ ይጨልማል። ሦስተኛ፣ ማጣሪያው ቀለም የተነከረ መስተዋት ሳይሆን በላዩ ስስ ሽፋን ተደራርቦ የተሠራ ከሆነ፣ ብርሃን ባጋደመ ቁጥር የሚያሳልፈው ወሰን ወደ አጭሩ ሞገድ ይሸሻል። በመካከሉ 720 የሆነው ማጣሪያ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ወደ 660 ይወርድና ተራውን ቀይ ብርሃን ማስገባት ይጀምራል። ያን ጊዜ የመካከሉ ዛፍ ነጭ፣ የጠርዙ ዛፍ ግን ግራጫ ይሆናል፤ ተመልካቹም የጠርዙ ዛፍ ታሟል ብሎ ሊፈርድ ይችላል። የማጣሪያው ጥፋት በዛፉ ላይ ተላከከ ማለት ነው።

ከኋላ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ180 ዲግሪ የተሰበሰበው ብርሃን በሌንሱ ውስጥ ካለፈ በኋላ ጠቦና ቀንቶ ወደ ሴንሰሩ ይጓዛል፤ ማጣሪያውም ከሞላ ጐደል ፊት ለፊት ይቀበለዋል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ በዓሣ ዓይን ሌንስ ማጣሪያው ከኋላ ይሁን። ለዚህም ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ርካሹ ነው። የካነን 15 ሚሊሜትር የዓሣ ዓይንን የመሰሉ ሌንሶች በጀርባቸው ላይ የጄላቲን ወረቀት የሚሸጐጥበት ማቀፊያ አላቸው። ወረቀቱን በልኩ ቈርጦ፣ ጣት ሳያስነኩ በወረንጦ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ስለ ውፍረት ማሰብ ያስፈልጋል። ከሌንሱ በስተኋላ የገባ ማንኛውም መስተዋት ሥዕሉ የሚጠራበትን ቦታ የውፍረቱን ሢሶ ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ መስተዋት ብናስገባ ግፊቱ 0.67 ሚሊሜትር ይሆናል። በ15 ሚሊሜትር ሌንስ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሩቁን ተራራ ለማጥራት የሌንሱን ቀለበት እስከ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ማዞር ግድ ይሆናል። የጄላቲኑ ውፍረት ግን 0.1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ግፊቱ 0.03 ሚሊሜትር ነው፤ ይህንን የብርሃን ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ማጥበብ ብቻ ይሸፍነዋል። ስስ ወረቀት ከወፍራም መስተዋት የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፋብሪካው ራሱ ያሰበበት ነው። እንደ ኒኮን 16 ሚሊሜትር ያሉ የዓሣ ዓይኖች ከኋላቸው የሚገጠሙ ትናንሽ ማጣሪያዎች አሏቸው። የማጣሪያው ውፍረት በሌንሱ ስሌት ውስጥ የተቈጠረ ስለ ሆነ፣ አንዱን አውጥቶ ቦታውን ባዶ መተው አይገባም፤ ቢያንስ ቀለም የሌለው መስተዋት ሊተካበት ይገባል።

ሦስተኛው የተሻለውና ደፋሩ መንገድ ነው። ካሜራው ተፈትቶ ኢንፍራሬዱን የሚያግደው መስተዋት ይወጣና በምትኩ 720 ናኖሜትሩ ማጣሪያ በሴንሰሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ያ ካሜራ ተራ የሠርግ ፎቶግራፍ አያነሣም፤ ነገር ግን የሚገጥሙለት ሌንስ ሁሉ የኢንፍራሬድ ሌንስ ይሆናል፤ በእጅ ይዞም ማንሣት ይቻላል። በየከተማው ፎቶ ቤት አዲስ ካሜራ ሲገዛ አሮጌው በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚታሰበው እንዲህ ያለው አሮጌ ካሜራ ነው። ብልቱን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ግን አይፍታው፤ በካሜራው ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል ባትሪው ከወጣ በኋላ እንኳ ሰውን የሚመታ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቈያል።

ካልተፈታ ካሜራ ጋር የሚሠራ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። በፀሐይ ብርሃን የሴኮንድ 250ኛ ይበቃው የነበረው ሥዕል ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነፋስ ቅጠሉን ያወዛውዛል፤ ደመናውም ይሄዳል። ስለዚህ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ነፋስ የሌለው ጧት ያስፈልጋል። ፎከሱም በራሱ በሴንሰሩ ላይ እየታየ መስተካከል አለበት፤ ኢንፍራሬድ ከሚታየው ብርሃን ጥቂት አልፎ ይጠራልና በመስታወቱ በኩል ለዓይን የጠራው ሥዕል በካሜራው ላይ ይደበዝዛል። በድሮ ሌንሶች ቀለበት ላይ የምናያት ትንሽ ቀይ ምልክት ለዚሁ የተቀረጸች ናት።

አሁን ወደ ፓኖራማው እንምጣ። በ15 ሚሊሜትር የዓሣ ዓይንና በሙሉ ስፋት ሴንሰር፣ ካሜራውን አቁሞ በየ60 ዲግሪው 6 ሥዕል ዙሪያውን ማንሣትና ሰባተኛውን ወደ ሰማይ ማንሣት ነው። ሙሉ ክብ በሚሰጠው በ8 ሚሊሜትሩ ደግሞ በየ90 ዲግሪው 4 ይበቃል። ሥዕሎቹን ሁጊን የተባለው በነጻ የሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይገጣጥማቸዋል። በዚህ ሥራ ላይ አራት ነገር መጠበቅ አለበት።

አንደኛ፣ ካሜራው መዞር ያለበት በማቆሚያው ብሎን ላይ ሳይሆን ብርሃን በሌንሱ ውስጥ በሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ነው። አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ጣትን ከፊት አቁሞ ራስን ግራና ቀኝ ቢያዞሩ ጣቱ ከሩቁ ግንድ ጋር ቦታ ሲለዋወጥ ይታያል፤ ነጥቡ ካልተጠበቀ በፓኖራማውም ላይ አንድ ዛፍ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የብርሃኑ ጊዜ፣ የቀዳዳው ስፋትና የቀለሙ ሚዛን በእጅ ተቈልፈው ለሁሉም ሥዕል አንድ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ሰማይን ለማጥቈር ተብሎ ፖላራይዘር የተባለው ማጣሪያ አይጨመር፤ እርሱ ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ያለውን ሰማይ ብቻ ስለሚያጠቍር በዙሪያው ሥዕል ላይ ጥቁር ጥላሸት ያስቀምጣል፤ ኢንፍራሬዱ ራሱ ሰማዩን አጥቍሮታልና አያስፈልግም። አራተኛ፣ አንዳንድ ሌንስ በኢንፍራሬድ በመካከሉ ላይ የገረጣ ክብ ይጥላል። ይህ በሌንሱ ውስጥ ከሚሆነው ነጸብራቅ የሚመጣ ነው፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ይብስበታል። በአንዱ ሥዕል ላይ ጥቂት የሚመስለው ይህ ክብ፣ ስድስቱ ሲገጣጠሙ በአድማሱ ላይ ስድስት ጨረቃ እንደ ተደረደረ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከሥራው በፊት ነጭ ግድግዳ በኤፍ 4፣ በኤፍ 8ና በኤፍ 16 አንሥቶ ሌንሱን መፈተን ይገባል።

የፀሐይም ነገር አለ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ያህል ወደ ሰሜን ናቸው። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 10 ገደማና በነሐሴ 19 ገደማ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በትክክል በራስ አናት ትቆማለች። በሰዓታችን እኩለ ቀኑ የሚሆነው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቈጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን እኛ ያለነው በ37 ዲግሪ ገደማ ነውና። በእነዚያ ቀናት እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰማይ የተደገነ የዓሣ ዓይን ፀሐይን በመካከሉ ይቀበላል፤ ሥዕሉም ይበላሻል። ጧት 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይመረጣል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው በበጋ ግራና ቀኙን ቢያይ፣ ማሳው ታርሶ ወይም ታጭዶ ገለባ ብቻ ቀርቶ፣ በየጕብታው ላይ ግን እንደ ደሴት ጠቈር ያለ ዛፍ ያያል። በዛፉ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው፣ ብሳናውና ዋርካው ከአገሩ ደን የተረፉት በብዛት በዚያ ቅጥር ውስጥ ነው። በኢንፍራሬድ ሲነሣ ይህ ደሴት በግራጫ ማሳ መካከል ነጭ ሆኖ ይነሣል።

በእነዚህ ደኖች ላይ የደከሙ የአገራችን ሊቅ አሉ። በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያም በኋላ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሠርተዋል። ምክንያቱም የደኑ አደጋ መጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ ከብት ከገባ ችግኙ ይበላል፣ ይረገጣል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ልጅ አይተካም። ከመንገድ ለሚያይ ሰው ደኑ አረንጓዴ ነው፤ ከውስጥ ግን እያረጀና እየሳሳ ሊሆን ይችላል።

ይህንን ከሰማይ ማየት በከፊል ይቻላል። ከ1972 ጀምሮ ላንድሳት፣ ከ2015 ጀምሮ ሴንቲነል 2 የተባሉት ሳተላይቶች ምድርን በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን ያነሣሉ፤ የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው በማካፈልም የልምላሜው መጠን ይሰላል። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር አምጥቃለች፤ ሥራዋም እንዲሁ ምድርን በልዩ ልዩ ብርሃን ማንሣት ነበር። ነገር ግን ሴንቲነል 2 የሚያየው ትንሹ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ 5 ሄክታር ያለው የደብር ደን ለእርሱ 500 ነጥብ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የሚያየው ጣሪያውን ነው፤ ከጣሪያው በታች ያለውን ባዶ አያይም።

ከታች ወደ ላይ የሚያየው የዓሣ ዓይን ነው። በ1959 ኢቫንስና ኩም የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የሂልን ሌንስ በደን ውስጥ ወደ ላይ ደግነው፣ በቅጠሉ መካከል የሚታየውን ሰማይ በመለካት ወደ መሬት የሚደርሰውን ብርሃን ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህንን በግራፍ ወረቀት ሊሠራው ይችላል፤ ክቡን ሥዕል በወረቀቱ ላይ አትሞ ሰማይ የሆነውን ካሬ መቍጠርና ለጠቅላላው ማካፈል ነው። ተራው ፎቶግራፍ ቅጠሉንም ደረቁን ቅርንጫፍም አንድ ላይ ጥቁር ያደርጋቸዋል። ኢንፍራሬዱ ሲጨመር ቅጠሉ ይነጣል፣ ግንድና ደረቅ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ደብዝዞ ይቀራል፤ ሕይወት ያለውና የሌለው ጥላ ይለያል።

እንግዲህ አንድ የተማሪዎች ክበብ በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ አምስት ድንጋይ ምልክት ቢያደርግ፣ በየዓመቱ በጥቅምት ወር በአንዱ ሳምንት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሌንስና በአንድ ማጣሪያ ሥዕል ቢያነሣ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደኑ ሳስቷል ወይስ አልሳሳም የሚለው ነገር የሽማግሌ ክርክር መሆኑ ይቀራል። ለዚህም ነው የማጣሪያውን ቦታ እንዲህ ያረዘምነው። የዘንድሮው ማጣሪያ ከፊት፣ የከርሞው ከኋላ ከሆነ፣ በጠርዙ ላይ የሚታየው ለውጥ የዛፉ ይሁን የመስተዋቱ ማንም ሊለይ አይችልም።

የመሣሪያውንም ድካም መሸፈን አይገባም። በኢንፍራሬድ ነጭ መሆን ሕይወትን እንጂ ዘርን አይናገርም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም በሥዕሉ ላይ እንደ ወይራው ይነጣል፤ ወይራው ተቈርጦ በምትኩ ባሕር ዛፍ ቢተከል ሥዕሉ ብቻውን አይከስም። ስለዚህ ከሥዕሉ ጋር የዛፉ ስም በደብተር መጻፍ አለበት። ሥዕሉ ስለ በሽታም በራሱ አይፈርድም። በ1956 በካሊፎርኒያ ሮበርት ኮልዌል ከአየር በተነሣ የኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ ዋግን የመሰለ የእህል በሽታ መለየት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ሆኖም ምድር ላይ ወርዶ ቅጠሉን ያየ ሰው ከሌለ የቡሬ በርበሬ የጠወለገው በበሽታ ይሁን በውሃ ጥም ሥዕሉ አይለይም።

አንድ ምክር እንጨምር። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተክሎ እንደ ጉልላት ያበጠ መስተዋት ያዞረ ሰው፣ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ያስፈራል። የአገሩ ሰላም በታወከበት ጊዜ ይህ ሥራ ይቈይ፤ ከሥዕል ነፍስ ይበልጣል። ሰላም በሆነ ጊዜም የደብሩን አለቃ፣ የቀበሌውን ሹምና በአካባቢው ያሉትን ሽማግሌዎች አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ካሜራውንም ለእነርሱ ማሳየት ይገባል። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር የጠበቁት እነርሱ ናቸው፤ ከሥዕሉም አንድ ቅጅ ሊደርሳቸው ይገባል።

ለጀማሪው ክበብ የሚያስፈልገው እንግዲህ ይህ ነው፦ ከፎቶ ቤት መሳቢያ የተገኘ አሮጌ ካሜራ፣ ከኋላው ማቀፊያ ያለው የዓሣ ዓይን፣ አንድ ቍራጭ የጄላቲን ወረቀት፣ ማቆሚያ፣ ደብተርና እርሳስ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የድንጋዩ ቍጥር፣ የሌንሱ ስም፣ የቀዳዳው ስፋትና የማጣሪያው ዓይነትና ቦታ ይጻፍ። ካሜራው እስኪገኝ ድረስ ግን ዛሬ ማታ በሪሞቱና በስልኩ መጀመር ይቻላል።